እጅ በአናት ላይ

ጀይላን ወንጭፉን ሲያጮህ፣ አስፋልቱ ላይ ያለ የአይሱዙ ሹፌር ጎማ የፈነዳበት መስሎት ወርዶ ያያል ይባል ነበር። የተጋነነ ነው፤ የእኛ ቆላ ሰው ሲያደንቅ ሳያጋንን አይሆንለትም። ከእውነቱ ግን ብዙም አይርቅም። ጀይላን ከጀውሃ ከተማ በእግር ግማሽ ሰዓት ገባ ብሎ ባለ መንደር ሃምሳ ሦስት ዓመት የኖረ የማሽላ ገበሬ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጥቅምት በባተ ቁጥር ማማው ላይ ይወጣል፤ አዝመራው እስኪሰበሰብም ከዚያ ወረደ አይባልም። ማማው በአራት ግንድ የቆመ፣ ከማሽላው ራስ ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ነው። እሱ ላይ የቆመ ሰው ሜዳውን ሁሉ ያያል፤ ሜዳውም ሁሉ እሱን ያየዋል።

ጠላቱ ግሪሳ ነው። ግሪሳ ሲመጣ ሰማዩን አጥቁሮ ነው፤ ሲሄድ ደግሞ ማሽላውን ራሰ በራ አድርጎ ነው። ሌላው ጠባቂ ወፉ ካረፈ በኋላ ይጮሃል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል። ጀይላን ግን ወፉ ሊያርፍ ያሰበበትን ቦታ ቀድሞ ያውቃል፤ ድንጋዩም ከወፉ በፊት እዚያ ይደርሳል። "ወፍ መግደል የሰነፍ ሥራ ነው" ይል ነበር። "ሐሳቡን ማስቀየር ነው እንጂ።" ጎረቤቶቹ ከእሱ ማሳ አጠገብ መዝራት ይወዱ ነበር፤ በእሱ ክንድ የእነሱም እህል ይተርፋል። እሱና ሚስቱ ፋዲላ ዓመቱን የሚበሉትም ያቺ ቀኝ እጁ ከግሪሳ አፍ ያስጣለችውን ነው። ሌላ ሙያ የለውም፤ ቢኖረውም አይፈልገውም ነበር።

ሕመሙ የጀመረው ካቻምና ኅዳር ላይ ነው። ከጀርባው፣ ከቀኝ ትከሻው አጥንት ሥር ይነሳና በክንዱ ጀርባ አልፎ መሐል ጣቱ ድረስ ይወርዳል። አንዳንዴ ያቃጥላል፣ አንዳንዴ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለዋል። መንደሩ ለመፍረድ አንድ ቀን አልፈጀበትም። አርባ ዓመት የወነጨፈ ትከሻ ነው፤ ብረት ቢሆን ኖሮ አልቆ ነበር። የአንገቱን ነገር ያነሳ ሰው የለም። በእኛ አገር አንገት የሚታመመው እንጨት የምትሸከም ሴት ነች፤ ወንድ አንገቱ የሚያስቸግረው ሲኮራ ብቻ ነው። ነገሩን ያጤነ ሰው ቢኖር ግን፣ ማማ ላይ ከክንድ ይልቅ የሚደክመው አንገት መሆኑን ያየው ነበር። ጎህ ከቀደደ ጀምሮ ወፎቹ እስኪሰፍሩ ቀና ብሎ ሰማይ ማየት፣ ወደ ቀኝ መጠምዘዝ፣ እንደገና ቀና ማለት። አርባ ዓመት። ክንድ እንኳ በመሐል ያርፋል።

ጀይላንም ትከሻዬ ነው አለ። ለምን ሌላ ይላል?

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አንድያ ልጁ ሙዐዊያ ከአራት የመንደር ልጆች ጋር ጠፋ። ጠፋ ይባላል እንጂ የት እንደሄዱ ሁሉም ያውቃል፤ በጅቡቲ አድርገው፣ ባሕሩን ተሻግረው፣ የመንን በእግር አቋርጠው ሳዑዲ ለመግባት ነው። ባሕሩን ሳይሻገር ከጅቡቲ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ በኋላ ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ መስከረምም እንዲሁ። ፋዲላ ስልኩን ከጉያዋ አታወጣውም። ምጣድ ላይ ሆና ይነዝራል ብላ ታዳምጣለች፤ ሶላት ላይ እንኳ ፊት ለፊቷ ታስቀምጠዋለች። ሳቅ ከቤቱ ወጣ። ውሻ ባላዘነ ቁጥር፣ ጉጉት በጮኸ ቁጥር ልቧ ይወርዳል፤ የሟርት ምልክት ሁሉ በልጇ መንገድ ላይ የቆመ ይመስላታል።

ጥቅምት መጣ፤ ጀይላን ማማው ላይ ወጣ። አንድ ረፋድ ላይ ሕመሙ ጥርሱን እስኪያፋጨው በረታበት። ወንጭፉን አስቀመጠ፤ የተፈታ ጥምጣሙን ሊያስተካክል ቀኝ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ፣ እጁም እዚያው አናቱ ላይ ቀረ። ያኔ ሕመሙ ቀስ እያለ ጎደለ። በክንዱ የወረደው እሳት ተመልሶ ወጣና ጠፋ። እጁን ሲያወርድ ተመለሰ፤ መልሶ ሲጭን ለቀቀው። ጀይላን ለብቻው ሳቀ። ዓመት ሙሉ ቅቤና ቅጠል ያላደረገለትን የገዛ አናቱ አደረገለት። እጁን እንደጫነ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ፤ ግሪሳውም የዚያን ዕለት ደግ ሆኖ አልመጣበትም።

ከታች በመንገዱ ጠይባ ጀሪካን ተሸክማ ከወንዝ ትመለሳለች። ጠይባ የግድግዳ ጎረቤታቸው ነች። ቀና ስትል ያየችው ልጁ ስደት ላይ ያለበት ሰው ማማ ላይ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ሲቀመጥ ነው። በእኛ ዘንድ እጅ አናት ላይ የሚወጣው ለሬሳ ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ እንዲህ ካደረገ እናቱ እጁን መትታ ታወርድበታለች፣ "ማንን ልትቀብር ነው?" ትለዋለች። ጠይባ አልጠየቀችም። ጀሪካኑን ጣለችና "ሙዐዊያ! ሙዐዊያዬ!" እያለች ወደ መንደር ሮጠች።

ጀይላን ጩኸቱን ሰምቶ ከማማው ሲወርድ፣ በሩጫ ደጁ ሲደርስ፣ ግቢው ሞልቷል። ወንዶቹ ለድንኳኑ እንጨት ያወርዳሉ። ፋዲላ አፈር ላይ ወድቃ ሁለት ሴቶች ውሃ ያርከፈክፉባታል። አንድ ሽማግሌ እጁን ይዘው "አላህ ሶብሩን ይስጥህ፤ ማን ነው መርዶውን የነገረህ?" አሉት።

"ማንም አልነገረኝም" አለ ጀይላን።

"ታዲያ?"

"ትከሻዬን አሞኝ ነው።"

ከዚያ ማንም ሳይሰናበት አንድ በአንድ ወጡ። ጠይባ ለብዙ ሳምንት ፊቷን ሸፍና ነበር የምታልፈው። ጀይላን ደግሞ እንዲህ ያፈረበት ቀን አልነበረም፤ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ።

ማምሻውን ፋዲላ ከተኛችበት ተነስታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

"ማልልኝ" አለችው።

"በምን?"

"በአላህ ማልልኝ። የልጄን ድምፅ እስክሰማ ያ እጅህ አናትህ ላይ አይወጣም።"

"ፋዲላ፣ ያሳርፈኛል እኮ። ወላሂ፣ እዚያ ላይ ሳደርገው ነው ሕመሙ የሚለቀኝ።"

"ሌላ ማሳረፊያ ፈልግ። በልጄ ሞት አትረፍ።"

"ውዱእ ሳደርግስ? ራሴን አላብስም?"

"ማበስህን አብስ። አታስቀምጠው።"

ጀይላን ማለ። ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም፤ ሴትዮዋ የዚያን ቀን ልጇን በልቧ አንዴ ቀብራለች፤ እንዴት እንቢ ይበላት? ደግሞ እሱም ራሱ፣ አይናገረው እንጂ፣ በልቡ ጥግ ፈርቶ ነበር። እጄን ጭኜ የልጄን ሞት ጠርቼው ቢሆንስ ብሎ ነበር። መሐላውንም ጠበቀ። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ሲያደርግ እርጥብ እጁን በራሱ ላይ ሲያሳልፍ ከሚገባው ትንሽ ያቆየዋል፤ ፋዲላ ከጓዳ ትስላለች፤ ያወርደዋል። ማማው ላይም ብቻውን ሆኖ እጁ ወደ ላይ ሲሄድበት በግራው ይይዘዋል።

ኅዳር ላይ ፋዲላ ከማዶ፣ ከቀወት በኩል ወዳሉት ወጌሻ ወደ ጋሼ ሽፈራው ወሰደችው። ጋሼ ሽፈራው የወለቀ ሲመልሱ የተመለሰለት ሰው እንኳ ሳይታወቀው ነው ይባልላቸዋል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ሸሚዙን አስወለቁት፤ ትከሻውን በአውራ ጣታቸው ዞሩት።

"እስቲ ክንድህን ወደ ላይ አንሳ።"

ጀይላን አነሳ።

"ወደ ጎን። ወደ ኋላ።" ሁሉንም አደረገ። ጋሼ ሽፈራው ከንፈራቸውን ነከሱ። "ትከሻው የተጎዳ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ እናቱን ይጠራል። አንተ ጣራ እንደሚከድን ሰው አነሳኸው። ሲነሳ ነው የሚያምህ ወይስ ሲወርድ?"

ጥያቄው ይኸው ነበር። መልሱ ከአፉ ጫፍ ላይ ነበር። ሲነሳ ያርፋል ቢላቸው ግን የት ድረስ ሲነሳ ይሉታል፤ አናቱ ድረስ ቢላቸው እስቲ አሳየኝ ይሉታል። ፋዲላ የቅቤውን ሳህን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችው።

"ሁለቱም ያመኛል፣ ጋሼ" አለ።

ሽማግሌው ገፍተው አልጠየቁትም። ለሦስት ሳምንት ትከሻውን አሹት፣ ሳቡት፣ ዋግምት አደረጉለት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። በመጨረሻው ቀን እጃቸውን እየታጠቡ፣ "ስማኝ ጀይላን" አሉት። "እጄ አንድ ነገር ይለኛል፣ አንተ ሌላ ትለኛለህ። ያንተን አመንኩ። ከዚህ በላይ ግን አልነካህም።" ያመጣላቸውን ማርም መለሱለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁለቱም ያውቁታል፤ አንዳቸውም አልተናገሩትም።

ከዚያ ወዲያ እጁ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ የመሐል ጣቱና ጠቋሚው ደነዘዙ፤ የወንጭፉን ገመድ መልቀቂያዋን ቅጽበት ማወቅ ተሳነው። ቀጥሎ ክርኑ ኃይል አጣ። ክንዱን አዙሮ ሲዘረጋው እንደ ድሮው አይወጠርም፤ በመሐል ይታጠፍበታል። ድንጋዩ ከማማው እግር ሥር ይወድቃል። ግሪሳ ሞኝ አይደለም፤ በሦስተኛው ቀን አወቀበት። ጎረቤት ማሳ ላይ ያለው ጠባቂ ይሳደባል፣ ፋዲላ ከታች እየሮጠች ቆርቆሮ ትደበድባለች፤ ጀይላን ማማው ላይ ቆሞ ወፎቹ ሲያርፉ ያያል። ሊያርፉ ያሰቡበትን አሁንም ከእነሱ ቀድሞ ያውቀዋል። ያ ነው ያቃጠለው። የዚያን ዓመት ማሽላ ከግማሽ በላዩን ወፍ በላው።

የካቲት ላይ ሕመሙ ቆመ። እንዲያው አንድ ጠዋት ሲነሳ የለም። እሳቱም ጉንዳኑም ጠፍቷል። ፋዲላ አልሐምዱሊላህ አለች፣ እሱም አለ፤ ድካሙ በኋላ ይለቃል አሉ፣ ሕመም የቆየበት እጅ ወዲያው አይጠናም አሉ። መንደሩም እንዲሁ አለ። እጁ ዝም ያለው ስለዳነ አልነበረም፤ ይህን ግን የሚነግራቸው አልነበረም።

መጋቢት አሥራ አንድ ቀን ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነበር። "እማ፣ አለሁ" አለ ሙዐዊያ። ወራት በየመን አንድ ማጎሪያ ተይዞ ነበር፤ አምልጦ አሁን ሳዑዲ ገብቶ ጂዛን ውስጥ ፍየል ይጠብቃል። ፋዲላ እልል አለች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ስልኩን ለጀይላን ሰጥታ ደጅ ወጥታ በመንደሩ ሁሉ ፊት ሰገደች። ስትመለስ ፊቷ የሃያ ዓመት ሴት ፊት ነበር።

"በል" አለችው እየሳቀች፣ "አሁን እጅህን የፈለግክበት ጫን።"

ጀይላንም ስቆ እጁን አናቱ ላይ አደረገ። የሚያሳርፈው ሕመም አልነበረም። የመሐል ጣቱና ጠቋሚው ግን ፀጉሩን አላወቁትም። የሌላ ሰው እጅ ራሱ ላይ የተቀመጠ መሰለው። አውርዶ ጉልበቱ ላይ አኖረው፤ ለፋዲላ አልነገራትም፤ እንደዚያ ስትስቅ ካያት ቆይቷል።

ግንቦት ላይ ግን የሚደበቅ አልሆነም። የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ይወድቃል። ከክንዱ ጀርባ ሥጋው ሟሽሾ የሸሚዙ እጅጌ ይንቀዋለላል። በባጃጅ እስከ ጀውሃ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሸዋሮቢት ወረዱ፤ ሆስፒታል ውስጥ ሳምራዊት ከምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ፊት ተቀመጡ። ልጅ እግር ነች፤ ቀስ ብላ ትናገራለች።

"ምንዎን ያምዎታል፣ አባቴ?"

"ትከሻዬን ነበር። አሁን ሕመሙ ለቆኛል፤ እጄ ብቻ ሰንፎብኛል።"

ክንዱን አስነሳችው፣ አዞረችው፣ እየገፋች ይግፉኝ አለችው። ጣቶቹን በጥጥ ነካካች። ከዚያ ከኋላው ቆማ ራሱን ወደ ቀኝ አዘነበለችና ከላይ ወደ ታች በቀስታ ጫን አደረገችው። ጀይላን ከወንበሩ ዘለለ። የካቲት ላይ የሞተው እሳት ከአንገቱ ተነስቶ መሐል ጣቱ ድረስ ወረደ።

"ትከሻዎ ደኅና ነው" አለች ሳምራዊት። "እንዲያውም ከዕድሜዎ ጋር ሲተያይ ጠንካራ ነው። ሕመሙ ከአንገትዎ ነው።"

"አንገቴን አሞኝ አያውቅም።"

"ነርቩ የተጫነው አንገት ላይ ነው፤ የሚጮኸው ግን ክንድ ላይ ነው። ትከሻው የታመመ ሰው ክንዱን ማንሳት ይከብደዋል፣ በዚያ ጎኑ መተኛት አይችልም፤ ሕመሙም አብዛኛውን ጊዜ ከክርን አይወርድም። ከአንገት የሚመጣው ጣት ድረስ ይወርዳል፣ ያደነዝዛል። ክንድ ወደ ላይ ሲወጣም ቀለል ይላል።" የምትጽፍበትን ወረቀት አስቀመጠች። "ብዙ ሰው ማንም ሳይነግረው እጁን አናቱ ላይ ያደርጋል። ያኔ ነርቩ ይላላለታል። እኛ ያንን ካየን ወዲያው አንገት እንላለን። እርስዎ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረዎትም?"

ጀይላን ወለሉን አየ። የለም ሊል ነበር፤ አፉ ለምዶታል።

"ነበረው" አለች ፋዲላ።

ሳምራዊት ወደ እሷ ዞረች።

"ነበረው። ነገረኝም። እኔ ነኝ የከለከልኩት። አስምዬ ነው የከለከልኩት።"

"መቼ ነው ይህ?"

"ጥቅምት።"

ባለሙያዋ በልቧ ቆጠረች፤ ስትቆጥር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ሁለቱም አዩ። ከዚያ ውሸት ሳትናገር ደግ ለመሆን ሞከረች። ያን ጊዜ መጥታችሁ ቢሆን በእርግጠኝነት ይድን ነበር አልልም አለች፤ ዕድሉ ግን ነበረው። አሁን የመነመነውን ሥጋ የሚመልስ ነገር በእጄ የለም አለች። አዲስ አበባ ሄዳችሁ አንገቱ በኤምአርአይ ይታይ፣ ቀዶ ጥገና ይባል ይሆናል፤ የቀረውን ያቆይለታል እንጂ የሄደውን መመለሱን እጠራጠራለሁ አለች። ጥቂት የአንገት እንቅስቃሴ አሳየችው። ጀይላን እንደ ተማሪ እየተከተለ አደረገ። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

"ወንጭፍ እወነጭፋለሁ?"

"አይመስለኝም፣ አባቴ።"

ከጀውሃ በባጃጅ ተመለሱ። ጀይላን ተናዶ ነበር። በፋዲላ አልተናደድኩም ቢል ይዋሻል፤ በእሷም፣ በራሱም፣ ጀሪካን ጥላ በሮጠችው በጠይባም ተናዷል። ግን ያኔ አፈር ላይ ወድቃ ያያትን ሴት ምን ብሎ ይቆጣታል? የጀውሃን ድልድይ ሲሻገሩ እሷ ናት የተናገረችው።

"ልጄን በእጅህ ነው እንዴ የለወጥኩት?"

"ልጁን ያደረሰው አላህ ነው።"

"እጅህንስ?"

የባጃጁ ሞተር ይጮኽ ነበር፤ ጀይላን አልሰማም ብላ እንድታስብ ወደ ውጭ ተመለከተ። አዲስ አበባም አልሄዱም። መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ ተባለ፤ ከዚያ ሌላ ምክንያት ተገኘ። የሄደውን የማይመልስ መንገድ እግር አይነሳለትም።

ዘንድሮ ጥቅምት ማሳውን ለሌላ ገበሬ በእኩል ሰጥቶታል። ማማው ላይ የቆመው ያ ሰው ነው፤ ክንደ ብርቱ ነው፣ ግን ወፉ ካረፈ በኋላ ነው የሚወረውረው። ጀይላን ከመንገዱ ዳር ካለው ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይውላል። ወንጭፉን ማንም እንዲወስደው አልፈቀደም። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ አናቱ ላይ ያኖራታል፤ ሕመሙ እንደ ድሮው አይመላለስበትም፣ አንዳንዴም ጨርሶ የለም፤ እጁ ግን ሌላ ቦታ አታውቅም። ፋዲላ ውሃ ቀድታ ስታልፍ ታየዋለች። አትስልም፤ ጀሪካኑን ታስተካክልና ወደ ቤት ትገባለች።

መጀመሪያ ሰሞን አላፊ አግዳሚው ሲቆምለት ያስረዳ ነበር። ሰው አልሞተብኝም፣ ልጄም ጂዛን ነው፣ ነርቭ ነው፣ ከአንገቴ ነው ይል ነበር። ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል፤ ያላመነ ሰው አነቃነቅ ነው።

ባለፈው ሰኞ አህዮች ጭኖ ወደ ጀውሃ ገበያ የሚወርድ አንድ የማያውቀው ነጋዴ አየው። አህዮቹን አቆመ፤ ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ ጠጋ አለ።

"አላህ ሶብሩን ይስጥህ፣ ወንድሜ" አለው።

ጀይላን እንደ ልማዱ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ከነጋዴው ትከሻ በላይ ግሪሳው በማሳው ላይ ዞረ። አንዴ ዞረ፣ ሁለተኛ ዞረ፤ ከዚያ ወደ ታችኛው ጥግ፣ እሱ ወዳሰበው ቦታ አዘነበለ። ማማው ላይ ያለው ሰው ገና ድንጋይ ይፈልጋል። ወፎቹ አረፉ።

"አሚን" አለ ጀይላን።